ከወገብ በታች የሚሰማ ሕመም፣ ተለያይተው የሚነገሩ ምልክቶች

የአንባብያን የጤና ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም በታችኛው አከርካሪ ላይ ስለሚወጡና እምብዛም ስለማያጋጥሙ ዕጢዎች ከተላኩልን ጥያቄዎች አራቱን በአንድነት አቅርበናል። መልሶቹ አንባቢው ከሐኪሙ ጋር ሲነጋገር እንዲረዱት የተዘጋጁ እንጂ በአካል የሚደረግን ምርመራ የሚተኩ አይደሉም።

ጥያቄ፦ የ56 ዓመት ሰው ነኝ። ከዓመት በላይ የሆነው ሕመም ከወገቤ በታች፣ ጭራ አጥንቴ አካባቢ ይሰማኛል። ስቀመጥ ይብስብኛል፣ ስቆምና ስራመድ ግን ይቀልልኛል። መጀመሪያ ራጅ ተነስቼ አጥንቴ ደህና መሆኑ ተነገረኝና የዲስክ ችግር ነው ተብዬ ማስታገሻ ወሰድኩ። ከወራት በኋላ የሆድ ድርቀት ሲጀምረኝ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ኪንታሮት ነው ተባልኩ። ሽንቴ ቶሎ አልመጣ ሲለኝ ደግሞ የፕሮስቴት መድኃኒት ታዘዘልኝ። ሰሞኑን በግራ መቀመጫዬ በኩል፣ ወደ ፊንጢጣ በተጠጋው ቦታ ላይ፣ ደንዘዝ የሚል ስሜት አለኝ፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ኮርዶማ ስለሚባል ዕጢ አንብቤ ፈርቻለሁ። የእኔ ምልክቶች ከዚያ ጋር ይገናኛሉ?

መልስ፦ ሕመምዎ ዕጢ ይሁን አይሁን ደብዳቤ አንብቦ መናገር አይቻልም፤ ሌላ ምክንያት የመሆን ዕድሉም ሰፊ ነው። ሆኖም የጻፉልን አራት ነገሮች፣ ማለትም ሲቀመጡ የሚብስና ከዓመት በላይ የዘለቀ ሕመም፣ አዲስ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት መዘግየትና የመቀመጫ መደንዘዝ፣ በአንድ ሰው ላይ ተሰባስበው ሲገኙ ምክንያታቸው ሳይጣራ መታለፍ የለባቸውም። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳይሉ አንድ ሐኪም ዘንድ ቀርበው አራቱንም በአንድ ጊዜ ይንገሩ። ከአራቱ ሁሉ የሚያሳስበኝ እስካሁን ለማንም ያልተናገሩት መደንዘዝ ነው።

ቀጠሮም የማይጠበቅበት ሁኔታ አለ። ሽንትዎ ጨርሶ ከተያዘ ወይም ሳይታወቅዎ ከፈሰሰ፣ ሰገራዎን መቆጣጠር ካቃተዎ፣ መደንዘዙ ወደ ሁለቱም መቀመጫዎችና ወደ ብልት አካባቢ ከሰፋ፣ ወይም እግርዎ መዛል ከጀመረ፣ ቀንም ይሁን ሌሊት በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እነዚህ በአከርካሪው ታችኛ ክፍል የሚወርዱት ነርቮች በአንድ ላይ መጨቆናቸውን የሚያመለክቱ ሲሆኑ፣ ምክንያቱ ዕጢም ይሁን የወጣ ዲስክ፣ ጫናው በቶሎ ካልተነሳ በሽንትና በሰገራ ቁጥጥር ላይ የሚደርሰው ጉዳት ቋሚ ሊሆን ይችላል። ሽንት ሲያዝ ሁልጊዜ ያማል ማለት እንዳልሆነም ይወቁ፤ ነርቩ ከተጎዳ ፊኛው ሞልቶ ሳለ ሰውየው ላይሰማው ይችላል።

ምልክቶቹ ለምን እንዲህ ተበታትነው እንደሚመጡ ለመረዳት የቦታውን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። በአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር የሚያበቃው በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች በአከርካሪው ቦይ ውስጥ የሚገኙት ወደ እግር፣ ወደ መቀመጫ፣ ወደ ፊኛና ወደ ፊንጢጣ የሚወርዱ የነርቭ ክሮች ናቸው። ከወገብ አጥንቶች ቀጥሎ፣ አምስት አከርካሪዎች ተዋህደው የሠሩት ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት በሁለቱ የዳሌ አጥንቶች መካከል ተሰክቶ ይገኛል፤ ሐኪሞች ሳክረም ይሉታል፤ ጭራ አጥንት የሚጀምረው እርሱ ካበቃበት ነው። በሳክረም ውስጥ ከሚያልፉት ነርቮች ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉት ሽንትን፣ ሰገራንና የወሲብ ተግባርን ይመራሉ፤ ሰው ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ ኮርቻውን ለሚነካው የሰውነት ክፍል ስሜት የሚሰጡትም በዋናነት እነርሱ ናቸው። እግርን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ግን በአብዛኛው ከዚያ ከፍ ብለው ይነሳሉ። በዚህ ምክንያት በሳክረም ታችኛ ክፍል ላይ የሚያድግ ዕጢ፣ ሰውየው እንደ ልቡ እየተራመደ ሳለ፣ ሽንቱንና ሰገራውን ሊያውክበት ይችላል። «እግሬ ደህና ስለሆነ ነርቤ አልተነካም» ብሎ መደምደም ስህተት የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ያነበቡለት ኮርዶማ የአጥንት ካንሰር ዓይነት ሲሆን፣ የሚነሳው በጽንስ ጊዜ አከርካሪ በዙሪያው ከሚሠራበት፣ ኖቶኮርድ ከሚባለው ሕብረ ሕዋስ ቅሪት ነው። በዓመት በግምት ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች አንዱን ብቻ የሚይዝ በሽታ ነው። በራስ ቅል ሥርና በሌሎች የአከርካሪ ክፍሎችም ይወጣል፤ በሳክረም ላይ የሚወጣው ግን በብዛት ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች፣ ከሴቶች ይልቅም በወንዶች ላይ ይታያል። በአንጻሩ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 በመላው ዓለም 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ጀርባ ሕመም ነበረባቸው፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ሕመም 90 በመቶ ያህሉም አንድ የተለየ በሽታ የማይገኝለት ነው። ሐኪም ወገቤን ያለውን ሰው ሁሉ በዕጢ ጥርጣሬ የማይመረምረው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ይህም ተገቢ አሠራር ነው። ተገቢ የማይሆነው ሕመሙ ከተለመደው አካሄድ ከወጣ በኋላም የመጀመሪያውን ግምት ይዞ መቆየት ነው።

የተለመደው የወገብ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል፤ ቢመላለስም በመካከሉ ደህና ቀናት ይኖሩታል። የሳክረም ዕጢ ሕመም ግን መቼ እንደጀመረ በውል አይታወቅም። በመጀመሪያ ደብዛዛ፣ ጥልቅና በአንድ ቦታ የተወሰነ ሆኖ ይቆያል፣ ሲቀመጡ ይጎላል፣ ከወር ወደ ወር በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል፣ ኋላም ሌሊት ማንቃት ይጀምራል። ቀደም ሲል ይበቃ የነበረው ማስታገሻ አይበቃም። አንዳንዱ ሰው ሕመሙ ወደ መቀመጫውና ወደ ጭኑ ኋላ ስለሚወርድ ሺያቲካ፣ ማለትም ከወገብ ወደ እግር የሚወርደው ትልቅ ነርቭ ሕመም፣ ይመስለዋል። ዕጢው ብዙውን ጊዜ የሚያድገው ወደ ፊት፣ ሰፊ ባዶ ቦታ ወዳለው የዳሌ ውስጥ ስለሆነ፣ በውጭ በኩል እብጠት ሳይታይ ትልቅ ሊሆን ይችላል። የሆድ ድርቀቱም ከሁለት መንገድ ይመጣል፤ ዕጢው የትልቁን አንጀት መጨረሻ ከኋላ ሊጫነው ይችላል፣ ነርቮቹም ሊዳከሙ ይችላሉ። ሕመሙ ከጀመረ እስኪታወቅ ከአንድ ዓመት በላይ የሚያልፍባቸው ታማሚዎች ጥቂት አይደሉም፤ የመጀመሪያው ሐኪም ቸልተኛ ስለሆነ ሳይሆን እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ሲታይ ሌላ ቀላል ምክንያት ስላለው ነው።

ራጁ ደህና መባሉን በተመለከተ፣ ራጅ በዚህ ቦታ ላይ ደካማ መሣሪያ ነው። በአንጀት ውስጥ ያለው አየርና ሰገራ በሳክረም ላይ ስለሚደረብ፣ ሳክረምም ጎባጣ ስለሆነ፣ የተበላ አጥንት እንኳ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ጥያቄ የሚመረጠው ምርመራ ኤምአርአይ ነው፤ የአጥንቱን መበላት በዝርዝር ለማየት ሲቲ ስካን ይታከላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁትን አንድ ነገር ልጨምር። ለዲስክ ተብሎ የሚታዘዘው መደበኛ የወገብ ኤምአርአይ ብዙ ጊዜ በሳክረም ሁለተኛ ክፍል አካባቢ ያበቃል፤ ከዚያ በታች ያለ ዕጢ በምስሉ ውስጥ ጨርሶ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ ኤምአርአይ ከታዘዘልዎ ሕመሙ የሚሰማዎትን ቦታ በጣትዎ አሳይተው፣ ምስሉ ሳክረሙንና ጭራ አጥንቱን በሙሉ እንዲያካትት ይጠይቁ። ከዚህ በፊት ተነስተው ከሆነም ምስሉ እስከ የት እንደሚደርስ ሐኪሙ እንዲያይልዎ ይዘውት ይሂዱ። ኮርዶማን የሚያሳውቅ የደም ምርመራ የለም፤ የደም ውጤት ጥሩ መሆኑ ዕጢ የለም አያሰኝም።

ሐኪሙ በጓንት ጣት በፊንጢጣ በኩል ሊመረምርዎ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ምርመራ በሐፍረት እምቢ ይላል፤ ነገር ግን ከአንጀቱ በስተኋላ የተጣበቀ ጠጣር ነገር መኖሩን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊያሳይ የሚችል፣ የመቀመጫውን ስሜትና የፊንጢጣ ጡንቻን ጥንካሬም የሚለካ ምርመራ ነው። እኔ ቢሆን ሐኪሙ ራሱ ባያነሳው እንኳ እጠይቀው ነበር። ስለ ሽንት፣ ስለ ሰገራና ስለ ወሲብ መናገር ከከበደዎ በወረቀት ጽፈው ይስጡት። ወገብን ለአጥንት ሐኪም፣ ድርቀትን ለሆድ ሐኪም፣ ሽንትን ለፕሮስቴት ሐኪም ለየብቻ የሚናገር ሰው ሦስት ቀላል በሽታዎች ያሉበት ይመስላል፤ ሦስቱን በአንድነት የሰማ ሐኪም ግን አንድ ቦታን፣ ሳክረምን፣ ያስባል።

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ልጄ ለሰባት ወራት ያህል የታችኛው ወገቧ ሌሊት እየቀሰቀሳት ተነሥታ ትራመዳለች፤ ስትራመድ ይሻላታል። ቀን ላይ ሥራዋን ትሠራለች። ወጣት ስለሆነች አያሳስብም ይሉኛል። ሌሊት የሚያም ወገብ የዕጢ ምልክት ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል እውነት ነው፤ ወጣትነት ግን መልስ አይሆንም። ከኮርዶማ በተቃራኒ በታችኛው አከርካሪ የሚወጡ ሌሎች ዕጢዎች የሚመርጡት ወጣቶችን ነው። በነርቭ ክሮቹ መካከል የሚያድገው ሚክሶፓፒላሪ ኤፔንዲሞማ በአብዛኛው በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ይገኛል፤ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ለረጅም ጊዜ የወገብ ሕመም ብቻ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፣ ሕመሙም ሲተኙ የሚብስ፣ ሲነሱ የሚቀልል ሊሆን ይችላል። ሽዋኖማ የሚባለው ካንሰር ያልሆነ የነርቭ ሽፋን ዕጢም ተመሳሳይ ሕመም ያመጣል። ጃያንት ሴል የሚባለው የአጥንት ዕጢ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ የሚበዛ ሲሆን፣ ከአከርካሪ ክፍሎች ሁሉ በብዛት የሚወጣው በሳክረም ላይ ነው፤ በአብዛኛው ካንሰር ባይሆንም አጥንቱን ይበላል። በአሥራዎቹና በ20ዎቹ ዕድሜ የሚታየው ኦስቲዮይድ ኦስቲዮማ ደግሞ ትንሽ ሆኖ ሳለ ሌሊት ክፉኛ ያማል፤ በአስፕሪንና በአይቡፕሮፌን ዓይነት መድኃኒት ፈጥኖ መታገሡ ከሚለዩት ምልክቶች አንዱ ነው። መድኃኒት ያስታገሰው ሕመም ሁሉ ቀላል ነው ብሎ ማሰብ የማይገባውም ለዚህ ነው።

ይሁንና በልጅዎ ዕድሜ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያጋጥመው የአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነት ነው። ይህ በሽታ ከ45 ዓመት በታች የሚጀምር፣ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ የሚያነቃ፣ ጠዋት ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ወገብን የሚያደርቅ፣ በእረፍት ሳይሆን በእንቅስቃሴ የሚቀልል ሕመም አለው፤ አንዳንዴም ከአንዱ መቀመጫ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። እርሱም ቢሆን ራሱን የቻለ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ሳይታወቅ በመቆየቱ አከርካሪን የሚያደርቅ በሽታ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ጠዋት ላይ ስለሚሰማት መድረቅ፣ ሕመሙ የሚጀምራት እንደተኛች ይሁን ወይስ ሊነጋ ሲል፣ እግሯ ላይ መደንዘዝ ወይም መዛል መኖሩን፣ የሽንት ለውጥንም አስተውላ ትናገር። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለም ይነገር፤ የአከርካሪ ቲቢና ሌሎች ኢንፌክሽኖች በእነዚህ ምልክቶች ይታወቃሉ። ከዚህ ቀደም የጡት፣ የሳንባ፣ የፕሮስቴት፣ የኩላሊት ወይም የታይሮይድ ካንሰር ታክሞ የነበረ ሰው አዲስ የአከርካሪ ሕመም ሲሰማው ደግሞ ታሪኩን ከሁሉ አስቀድሞ መናገር አለበት፤ በአከርካሪ ላይ ከሚገኙ የካንሰር ዕጢዎች አብዛኞቹ እዚያው የበቀሉ ሳይሆኑ ከሌላ አካል የተሰራጩ ናቸውና።

ስለ ልጆች ባይጠይቁም አንድ ዐረፍተ ነገር ልጨምር፤ ለማጎንበስ እምቢ የሚል፣ የሚያነክስ፣ አከርካሪው እየጎበጠ የሚያመው ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ከቻለ በኋላ እንደገና ማምለጥ የጀመረው ሕፃን በአስቸኳይ መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ በእህቴ ሳክረም ላይ ዕጢ መኖሩ በኤምአርአይ ታይቷል። ሐኪሙ በመርፌ ናሙና እንውሰድ ሲላት ዘመድ ሁሉ «ብረት ከነካው ይሰራጫል» እያለ አስፈራራት። ናሙናው ቢቀርስ?

መልስ፦ አይቀርም፤ የዕጢው ዓይነት ሳይታወቅ ሕክምናው ሊወሰን አይችልም። በምስል የሚመሳሰሉ ዕጢዎች ሕክምናቸው እጅግ ይለያያል፤ አንዱ በመድኃኒትና በጨረር፣ ሌላው በዋናነት በቀዶ ሕክምና የሚታከም ሊሆን ይችላል። የዘመዶቻችሁ ፍርሃት ግን ፈጽሞ መሠረት የሌለው ስላልሆነ በንቀት ልመልሰው አልፈልግም። የኮርዶማ ሕዋሳት መርፌው ባለፈበት መንገድ ላይ ሊቀሩና እዚያ ሊያድጉ ይችላሉ። ስለዚህ ናሙናው የሚወሰድበት መንገድ አስቀድሞ ይታቀዳል፤ መርፌው ከኋላ በኩል ይገባል፣ ያለፈበት መስመርም በኋላ በቀዶ ሕክምናው ከዕጢው ጋር አብሮ ይወጣል። በፊንጢጣ በኩል ናሙና መውሰድ በኮርዶማ ጥርጣሬ የሚመከር አይደለም፤ ንጹሑን አንጀት ከዕጢው ጋር ያገናኘዋልና። እህትዎ ልትጠይቅ የሚገባት «ናሙና ልስጥ ወይስ አልስጥ?» ሳይሆን «ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ቡድን በናሙናው መንገድ ተስማምቷል?» የሚለውን ነው። የሚቻል ከሆነ ናሙናው በዚያው፣ የአጥንትና የአከርካሪ ዕጢዎችን ዘወትር በሚያክም ማዕከል ቢወሰድ ይመረጣል።

ውጤቱ ኮርዶማ ከሆነ የሕክምናው መሠረት ዕጢውን ሳይከፍቱ፣ በዙሪያው ካለ ጤናማ ሕብረ ሕዋስ ጋር በአንድነት ማውጣት ነው። የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ከሁሉ የተሻለው ዕድል ነው፤ ተቆራርጦ የወጣ ዕጢ ተመልሶ የመምጣት አደጋው ከፍ ይላል። ቀድሞ መታወቁ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ ዕጢው ዝቅ ብሎና ትንሽ ሆኖ ከተገኘ የሳክረም ሁለተኛ ነርቮችን በሁለቱም በኩል፣ ሦስተኛውን ደግሞ ቢያንስ በአንድ በኩል ማትረፍ ሊቻል ይችላል፤ እነዚህ ከተረፉ ብዙ ታማሚዎች ሽንታቸውንና ሰገራቸውን መቆጣጠር ይችላሉ። ዕጢው ወደ ላይ ባደገ ቁጥር የሚሠዉት ነርቮች ይበዛሉ። ይህን ዕጢ ለመግታት ከፍተኛ መጠን ያለው ጨረር ስለሚያስፈልግ፣ በሚገኝበት ቦታ ፕሮቶን ወይም የካርቦን አዮን ጨረር ይመረጣል፤ የተለመደው ኬሞቴራፒ በኮርዶማ ላይ እምብዛም አይሠራም። ከሕክምናው በኋላም ዕጢው ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ ለብዙ ዓመታት ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ ከሦስት ዓመት በፊት ከደረጃ ወድቄ በጭራ አጥንቴ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሕመሙ አለ፣ ዘንድሮ ደግሞ ጨምሯል። ውድቀት ዕጢ ያመጣል? በዘርስ ይተላለፋል?

መልስ፦ ውድቀት የአከርካሪ ዕጢ ያመጣል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። በዘር የሚተላለፍ ኮርዶማም በጣም ጥቂት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት፣ ከአንድ በላይ ታማሚ ባለባቸው አንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ብራኪዩሪ የሚባለውን ፕሮቲን የሚያዘው ዘረመል ተደግሞ ተገኝቷል። በቅርብ ቤተሰብዎ ውስጥ ሁለት ሰዎች ይህ በሽታ ካልነበረባቸው በዚህ በኩል የሚያሳስብዎ ነገር አይኖርም።

ውድቀቱ ይበልጥ የሚያሳስበው በሌላ መንገድ ነው፤ ለሕመሙ ዝግጁ ምክንያት ስለሚሆን ታማሚውንም ሐኪሙንም ሌላ ምክንያት ከመፈለግ ያስቆማል። የተመታ ጭራ አጥንት ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሻለዋል። አንዳንዱ ሕመም ለዓመታት ቢቆይ እንኳ በነበረበት መጠን ይቆያል ወይም ይመላለሳል እንጂ በአብዛኛው ከሦስት ዓመት በኋላ አይጨምርም፤ የእርስዎ ግን ዘንድሮ ጨምሯል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ስለ ውድቀቱ ይናገሩ፣ ነገር ግን ታሪኩን ከእርሱ አይጀምሩ፤ ዘንድሮ ምን እንደተለወጠ፣ ሲቀመጡና ሌሊት እንዴት እንደሚሆን፣ ሽንትና ሰገራዎ እንደ ወትሮው መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ይንገሩ፤ የሦስት ዓመቱን ውድቀት በመጨረሻ ያክሉት።